ወይ መንገድ ወይ ማቅለጫ፦ ያረጁ መኪኖችና መለዋወጫዎቻቸው

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በየጋዜጣው የሚያወጡትን የጨረታ ማስታወቂያ የሚከታተል ሰው አንድ ሐረግ በቃሉ ይወጣዋል፦ «ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችና ቁርጥራጭ ብረታ ብረቶች»። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይለያዩም። በአንድ ግቢ ይቆለላሉ፣ በአንድ ሰነድ ይሸጣሉ፣ በአንድ ገዢ እጅም ይገባሉ። ገዢው ግቢውን እየዞረ ሲያይ በአእምሮው የሚያሰላው ሁለት ሒሳብ ነው። መኪናው ተጠግኖ፣ ቦሎ ተለጥፎለት ቢወጣ ስንት ያወጣል? ወይስ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ተፈትቶ ቀሪው በኪሎ ቢሄድ ይሻላል? መኪናው እንዳለ ቆሞ እንዲቆይ፣ ዕቃውም ተለይቶና ተመዝግቦ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ሦስተኛ ሒሳብ የለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው።

በኢትዮጵያ የመኪና ዕድሜ የረዘመው ሰው አሮጌ ስለሚወድ አይደለም፤ አማራጭ ስላልነበረ ነው። በደርግ ጊዜ አዲስ አውቶሞቢል ማስገባት ለተራ ሰው የሚታሰብ አልነበረም። ከዚያም በኋላ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ ሌላው ዓለም የጣለው መኪና እዚህ የቤተሰብ ሀብት ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ነገሩን አጠበቀው። ያገለገሉ መኪኖች እንዳይገቡ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለባቸው። የታሰበው አሮጌ እንዳይገባ ነበር፤ ቀድሞ የገባው አሮጌ ግን ተወደደ። ሃያ ዓመት የተነዳ ኮሮላ ከተገዛበት ብር በላይ ሲሸጥ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይህንን ለመረዳት አስተማሪ አላስፈለገውም።

በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው አብሮ ወጣ።

እንዲህ ከሆነ አሮጌ መኪና ከመቼውም በላይ ይጠበቃል የሚል ይኖራል። ለቪትዝና ለኮሮላ እውነት ነው፤ ዕቃቸው ይገኛላ! ዕቃቸው ከገበያ የጠፋ መኪኖች ግን በተቃራኒው መንገድ እየሄዱ ነው። የተወደደው የውጭ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ብረትም ተወዷል። የአርማታ ብረት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በዶላር ከሚገዙት ጥሬ ዕቃ ይልቅ እዚሁ የሚለቀም ቁርጥራጭ ቢያገኙ ይመርጣሉ። በዚያ ላይ ቦታ ጠፋ። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያለው ጋራዥ፣ የተረሳ መኪና የሚያስጠጋ የቀበሌ ቤት አጥር፣ የመንገድ ዳር ጥግ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። የኮሪደር ልማቱ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ለዓመታት በድንጋይ ተደግፎ የቆመ መኪና ያለው ሰው የሚሄድበት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ ወይ ዘመድ ግቢ፣ ወይ ብረት ገዢ ዘንድ። የዘመድ ግቢም ይሞላል።

ቮልስን እንይ። ይህ መኪና በታሪካችን ውስጥ የራሱ ገጽ አለው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ያን ቀን ሳያነሱ ስለ ቮልስ ማውራት ለትልልቅ ሰዎች ይከብዳቸዋል። ቢሆንም ቮልስን በአዲስ አበባ ያቆየው ታሪኩ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም፣ ዳገት ላይ ውኃ አይፈላበትም። መከላከያውም ሆነ መድረኩ በብሎን ስለሚፈታ አንዱ ሲበሰብስ ሌላው ይቀራል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ተመርቶ የመጨረሻው የወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ነው። ይህን ያህል የተመረተ መኪና ዕቃ አምራች አያጣም፤ እስከ ዛሬ ከጎሚኒ እስከ ፒስተን ይሠራለታል። ስለዚህ ቮልስ ይተርፋል። አሁን ወጣቱ ቀለም እየቀባ፣ ጎማ እየቀየረ ለሠርግ ያከራየዋል፤ እኔ በበኩሌ ክሮም ስፖኪዮውን ፈትቶ ፕላስቲክ የገጠመበትን ልጅ ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

ላዳም አትሰጋም። እ.ኤ.አ. በ1970 ከፊያት 124 ተቀድታ ቶልያቲ ላይ መመረት የጀመረችው መኪና ቅርጿን ሳትለቅ እስከ 2012 ዘልቃለች። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ለብሳ ከተማችንን ለአሥርት ዓመታት ያመላለሰችው እሷ ናት። ቢጫዎቹ ታክሲዎች ከመጡ በኋላ ቁጥሯ ቢቀንስም የፍሬን ሸራዋ፣ የፍሪሲዮን ዲስኳ፣ ካርቡራተሯ ሶማሌ ተራ አይታጣም።

ሰይቼንቶ ግን ሌላ ነገር ነው። ፊያት 600 ጣሊያን ውስጥ ከ1955 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. የተመረተች፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሽ መኪና ናት። በአዲስ አበባ ታክሲ ሆና ስንቱን እንዳመላለሰች ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ይነግራችኋል። ዛሬ በሕይወት ያለች ሰይቼንቶ ስታልፍ ሰው ዞሮ ያያታል። የታክሲ ቀለሟን እንደ ለበሰች፣ ወንበሯ እንደ ነበረ፣ መለያዋ ሳይነካ የቀረችውን ግን ፈልጌ አላገኘሁም። ያሉትም የግል ሆነው ቀይ ወይም ክሬም የተቀቡ ናቸው። የአሰብን መንገድ ያቀናው የጭነት መኪና፣ ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682ም ከዚህ አይሻልም። ፊያት 682 እ.ኤ.አ. በ1952 መመረት የጀመረ፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር የተሸከመ መኪና ነው፤ ካቢኑ ሲገጭ ባትላሜራው በመዶሻ መልሶ ያወጣው ነበር። አገሪቱ ስንዴዋንና ነዳጇን የጫነችው በእሱ ነው። ብረቱ ከባድ መሆኑ አሁን ጠላቱ ሆነ፤ በኪሎ ሲሸጥ ብዙ ብር ያወጣላ።

በብሔራዊ ቤተ መንግሥት የንጉሡ አውቶሞቢሎች ተወልውለው ለሕዝብ ዕይታ መቅረባቸው መልካም ነው። ነገር ግን የንጉሥ መኪና ድሮም ጠባቂ አያጣም። ሕዝቡን የጫነው ውይይት የሚባለው ታክሲ፣ እንጨት ወንበሩ ፊት ለፊት የሚተያየው፣ ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ከኋላ የሚገባበት፣ አንድ እንኳ በቤተ መዘክር መቀመጡን ብሰማ ደስ ይለኛል።

መኪኖቹን ይህን ያህል ካነሳሁ ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ዕቃው። ባለፈው ክረምት ከሶማሌ ተራ ብዙም ሳይርቅ አንድ ጠባብ ሱቅ ገብቼ ነበር። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ የሚሸጡት የፊያት ዕቃ ብቻ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ በተገጠመው መደርደሪያ ላይ ካርቶናቸው የወየበ ኩሽኔታዎች፣ በቅባት ወረቀት የተጠቀለሉ ቫልቮች፣ በሲባጎ የታሰሩ ጓርኒሲዮኖች ተደርድረዋል። አንድ የናስ ቡሽ አንስቼ «ጋሼ፣ ይሄ የምንድን ነው?» አልኳቸው። ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ውስጡን ዳሰሱና «የኤንትሬ ነው፤ የባሌስትራው» አሉኝ። ከዚያ ከባንኮኒው ሥር ጥግጋቱ የተበላ ደብተር አወጡ።

ደብተሩ ውስጥ ያለው ነገር የትም አይገኝም። በግራ በኩል የፋብሪካው ቁጥር ተጽፏል፤ በቀኝ በኩል በእጃቸው ጽሑፍ ምን በምን እንደሚተካ። የአንዱ መኪና የውኃ ፓምፕ ሲጠፋ የሌላው ይገባል። ይህ ኩሽኔታ ከዚያኛው ጋር ልኩ አንድ ነው፣ ውፍረቱ ግን ስለሚያንስ ሮንዴላ ይደረግበት። ይህኛው ቶርኖ ቤት ተልኮ ትንሽ ይላጥ። የአርባ ዓመት ሥራ ነው፤ ሰው መኪናው ቆሞበት መጥቶ ሲለምናቸው፣ መካኒክ ሞክሮ ሲመለስ፣ የተሳካውን እየጻፉ ያጠራቀሙት። «ልጆቹ ሱቁን የሞባይል ዕቃ ለሚሸጥ ሰው እናከራይ ይላሉ» አሉኝ። ዕቃውስ? «በኪሎ የሚገዛ መጥቶ አይቶት ሄዷል።»

ስለ ደብተሩ አልጠየቅኋቸውም፤ በኪሎ የሚገዛው ሰውዬም የሚጠይቃቸው አይመስለኝም።

መለዋወጫ ከብረት የሚለየው የምን መሆኑ እስከታወቀ ድረስ ነው። ያ ቡሽ ከሳጥኑ ወጥቶ፣ ቁጥሩ ጠፍቶ፣ ከሌላ ናስ ጋር በጆንያ ከገባ በኋላ ለየትኛው መኪና እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ፣ አልቀለጠም እንጂ አልቋል። ለዚህ ነው ዕቃን ከመጥፋት ማዳን የሚጀምረው ከመጋዘን ሳይሆን ከወረቀት ነው የምለው። የድሮ አስመጪዎች ካታሎግ፣ የጥገና መመሪያ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የስቶር ካርድ፣ የትልልቅ ጋራዦች መዝገብ ቀድመው የሚጣሉ ናቸው፤ ክብደት ስለሌላቸው ማንም በኪሎ አይገዛቸውም። አንድ መሥሪያ ቤት ስቶሩን ሲያጸዳ መጀመሪያ የሚቃጠለው ወረቀቱ ነው። ከዚያ በኋላ ኮሚቴ ተቋቁሞ ዕቃውን ሲያይ «አገልግሎቱ ያልታወቀ» ብሎ ይጽፋል። ያልታወቀ ደግሞ ቁርጥራጭ ይባላል።

አያያዝም አለ። ብረቱ ቅባት ተቀብቶ እርጥበት ካላገኘው ዘመን ይሻገራል። ኩሽኔታ ከቅባት ወረቀቱ ካልወጣ ከተሠራ ሃምሳ ዓመት በኋላም ይገጠማል። ላስቲክ ግን ተቀምጦም ያረጃል። የፍሬን ጎሚኒ፣ የካርቡራተር ዲያፍራም፣ ቺንጋ፣ የመስኮት ጎማ ከነእሽጋቸው ቢቆዩም ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ላስቲኩን ማከማቸት ብዙም አያዋጣም፤ ልኩንና ቅርጹን መዝግቦ አዲስ ማሠራት ነው የሚሻለው። የፍሬን ሸራ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በድሮዎቹ ውስጥ አስቤስቶስ አለ፤ አቧራው ሳንባን የሚጎዳ ስለሆነ በአየር ፓምፕ እየነፉ ማጽዳት ልክ አይደለም። በየጋራዡ ሲደረግ አያለሁ።

በኪሎ ገዢውን እንደ ጠላት ብቻ ማየትም ፍትሕ አይሆንም። «ቁራሌው!» እያለ በየሰፈሩ ከሚዞረው ልጅ ጀምሮ እስከ ምናለሽ ተራ ባለሙያዎች ድረስ ያለው ሰንሰለት አገሪቱ ካሏት ጠንካራ የመልሶ መጠቀም ሥራዎች አንዱ ነው። የከባድ መኪና ባሌስትራ በገጠር አንጥረኛ እጅ ማረሻ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ሆኗል። ያለቀ ጎማ በረባሶ ሆኖ ስንቱን ገበሬና ወታደር አራምዷል። በርሜል ምድጃ ይሆናል። እዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ሰው ዕቃ ማባከን አያውቅም። ችግሩ እሱ የሚከፍለው በክብደት መሆኑ ነው፤ የኤንትሬ ቴስታታና የተሰበረ የውኃ ቧንቧ ሚዛኑ ላይ ልዩነታቸው ኪሎ ብቻ ነው። ሌላ ዋጋ የሚሰጥ ገዢ ቀድሞት ካልደረሰ ልጁ ምን ያድርግ?

ሌሎች አገሮችም በዚህ ተሰናክለዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚ ቀውሱ ጊዜ አሮጌ መኪናቸውን አስረክበው አዲስ ለሚገዙ ሰዎች ድጎማ ሰጥታ ነበር። በጥቂት ሳምንታት 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈሶ ከ670 ሺህ በላይ መኪኖች ተሰበሰቡ። ሞተሩ ተመልሶ እንዳይሠራ ደንቡ ያዘዘው መንገድ ለመካኒክ ጆሮ የሚዘገንን ነው፤ ዘይቱ ወጥቶ በምትኩ የሶዲየም ሲሊኬት ውሕድ ይጨመርበትና ሞተሩ እስኪደርቅ ድረስ ይነሳል። ውሕዱ በሙቀቱ ወደ መስታወትነት ተለውጦ ኩሽኔታዎቹን ይነክሳል፤ ሞተሩ ታንቆ ይሞታል። ሌላው አካል ለመለዋወጫነት እንዲሸጥ የተፈቀደው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለነበር፣ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛው ደሃ አሽከርካሪ ዋናውን ነገር፣ ሞተሩን፣ አጣ። ጀርመንም በዚያው ዓመት 2,500 ዩሮ እየሰጠች 2 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን አስወግዳለች።

ጀርመን ግን ሌላውን በር አልዘጋችም። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜው 30 ዓመት የሞላውና ይዞታው በመጀመሪያ መልኩ የተጠበቀ መኪና በቁጥሩ መጨረሻ ላይ ለታሪካዊነቱ ምልክት የሆነች አንዲት ፊደል ያለችበት ታርጋ ይወስዳል፤ ግብሩም የተወሰነና ቀለል ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ የሚባለው፣ የሚጠቀምበት መለኪያም ተመሳሳይ ነው፦ ቢያንስ 30 ዓመት፣ የመጀመሪያ መልኩን የጠበቀ፣ የዕለት ተዕለት መመላለሻ ያልሆነ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ያረጁ ተሽከርካሪዎችን የማስወገድ መመሪያም ታሪካዊ መኪኖችን ከግዴታው ነፃ አድርጓቸዋል። ማለትም ሕጉ አሮጌውን ሲያስወግድ የትኛው አሮጌ እንደማይነካ አብሮ ተናግሯል።

እኛ ዘንድ ይህ አንቀጽ ጎድሏል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና እንዴት እንደሚመዘገብና እንደሚመረመር ይደነግጋል፤ ታርጋውም ታክሲ፣ የግል፣ የንግድ፣ የመንግሥት እያለ በኮድ ይለያል። መንገድ ላይ ከምናያቸው ኮዶች መካከል ለታሪካዊ መኪና የተለየ የለም። ስለዚህ የሰይቼንቶ ባለቤት በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚያወጣት መኪና እንደ ማንኛውም ሰው ቦሎ ማሳደስ አለበት። ካላሳደሰ መኪናዋ ቀስ በቀስ ከመዝገብ ትርቃለች፤ ሊብሬዋ አንዴ ከተበላሸ ደግሞ መሸጥም ማውረስም ፈተና ነው። በገበያው ላይ ከመኪናው ሊብሬው ይበልጣል የሚባለው ለዚህ ነው፤ የቆመ መኪና የሚገዛ ሰው አንዳንዴ የሚፈልገው ወረቀቱን እንጂ መኪናውን አይደለም። መኪናው ይታረዳል፣ ወረቀቱ ሌላ ሻንሲ ያገኛል። ይህ ሕገ ወጥ ነው፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

በሌላ በኩል የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም በሩን አላጠበበም። የሰው ልጅ የፈጠራ ችሎታና የሥራ ውጤት የሆነ፣ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል ወይም በዕደ ጥበብ ይዘቱ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ሁሉ ሊገባበት ይችላል። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ከመጣ ወዲህ ያለው የመኪና ታሪካችን ከመቶ ዓመት አልፏል። አዋጁን ሳይቀይሩ ውይይትና ቅጥቅጥ አውቶቡስ መመዝገብ የሚቻል ይመስለኛል። በተለይ ቅጥቅጥ! ከውጭ የመጣው ሻንሲውና ሞተሩ ነው፤ አካሉ እዚሁ በላሜራ፣ በመዶሻና በብየዳ የተሠራ የኢትዮጵያውያን እጅ ሥራ ነው። ለድንጋይ መስቀልና ለብራና የሚሰጠው ክብር ለእሱ የሚነፈግበት ምክንያት ዕድሜው ማነሱ ብቻ ነው፤ ዕድሜውን ደግሞ እንዲያገኝ እየተደረገ አይደለም።

የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ትክክልም ነው። አሮጌ መኪና ይጨሳል፤ ፍሬኑ ይከዳል፤ ቀበቶና የአየር ከረጢት የለውም። ከደብረ ሲና ቁልቁለት የወረደ የድሮ ከባድ መኪና የፍሬኑ ሸራ ሲሸት የሰማ ሰው «ቅርስ ነው» ብትሉት አይሰማችሁም። እኔም አሮጌው ሁሉ መንገድ ላይ ይቆይ አላልኩም። የኔ ሐሳብ ከዚህ ይጠባል፦ ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂቶቹ፣ ይዞታቸው ያልተነካው፣ በዓመት በተወሰኑ ቀናትና በተወሰነ ርቀት ብቻ እንዲነዱ ተፈቅዶላቸው፣ ሊብሬያቸው ሳይሰረዝ ይቀመጡ። ሌላው ይታረድ። ሲታረድ ግን ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ሌላው የሚሠራ ዕቃው ተለይቶ፣ ስሙ ተጽፎ ይሸጥ። የመንግሥት ንብረት ሲወገድ «ተሽከርካሪ»፣ «መለዋወጫ» እና «ቁርጥራጭ» ሦስት የተለያዩ ጨረታዎች ቢሆኑ መንግሥት ራሱ የሚያገኘው ገንዘብ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በሣጥኑ ያለ ኦሪጂናል ዕቃ በኪሎ መሸጡ ከታሪክ በፊት የሒሳብ ስህተት ነው። ዕቃ ተለይቶ በደረሰኝ ከተሸጠ ደግሞ ከቆመ መኪና ላይ የተነቀለ ስፖኪዮና ፍሬቻ የሚሸጠው ሌባ ገበያው ይጠብበታል።

ይህ ሊሠራ እንደሚችል ማየት የፈለገ ድሬዳዋ ይሂድ። የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መስመር ስምምነት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ማብቂያ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917። በድሬዳዋ የተተከለው የጥገና ወርክሾፕ የጥገና ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ቶርኖው፣ ማቅለጫውና አናጢ ቤቱ ተሟልተው አንድ ባቡር የሚጎድለውን ዕቃ እዚያው ማውጣት የሚችል ነበር። ፋብሪካው ማምረት ያቆመውን ቡሽ ሠራተኛው ከአሮጌው ልክ ወስዶ አዲስ ያወጣ ነበር። የቆየው ሠራተኛ የዕቃውን ስም የሚጠራው በፈረንሳይኛ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ የድሮው 1 ሜትር። ስለዚህ ከድሮው ባቡር አንድም ጎማ ወደ አዲሱ መሻገር አይችልም። በገበያ ሒሳብ የድሮው ባቡር ሙሉ በሙሉ ብረት ነው ማለት ነው፤ አሁንም እዚያ ቆሞ ጎብኚ የሚያይበት ዋናው ምክንያት ወርክሾፑና ሰዎቹ አብረውት ስለቆዩ ነው። ጋሪው ብቻውን ቢቀር የትኛውም የብረት ነጋዴ በወር ውስጥ ቆራርጦ ይጨርሰው ነበር። እነዚያ አዛውንት ሠራተኞች ሥራቸውን ለቴክኒክና ሙያ ተማሪ ለማሳየት ዝግጁ መሆናቸውን ስሰማ የገረመኝ፣ ይህንን የሚጠይቃቸው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ነገሩ ደግሞ ለአሮጌው ብቻ አይደለም። አሁን በየመንገዱ የሚታዩት የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያረጁ ናቸው፤ እነሱን ማቆየት ከቮልስ በጣም ይከብዳል። የቮልስን መድረክ ባትላሜራው ከበርሜል ላሜራ ቀርጾ ያወጣዋል። የኤሌክትሪክ መኪና መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ሲቃጠል መዶሻ አይደርስለትም፤ ፕሮግራሙን የሚከፍተው ቁልፍ ከአምራቹ ካልተገኘ መኪናው በአምስተኛ ዓመቱም ቢሆን ይቆማል። አንዳንዶቹ ምርት ስሞች እዚህ የጥገና ማዕከል እንኳ ሳይኖራቸው በግለሰብ አስመጪ የገቡ ናቸው። ባትሪው ደግሞ እንደ ድሮው የእርሳስ ባትሪ ተሰብሮ አይቀልጥም፤ ከተበሳ እሳት ሊነሳበት ይችላል፣ ስለዚህ ቁራሌው በጆንያ የሚሸከመው ነገር አይደለም።

የማስገቢያ ፈቃዱ የሚሰጠው አሁን ስለሆነ ግዴታው ሊጻፍ የሚችለውም አሁን ነው። አስመጪው ለአሥር ዓመት የሚሆን መለዋወጫ እንዲያቀርብ፣ የጥገና መመሪያውንና የመመርመሪያ ሶፍትዌሩን አንድ ቅጂ ለሕዝብ ተቋም እንዲያስረክብ፣ አቅሙ የወደቀ ባትሪ መልሶ እንዲረከብ ማድረግ ይቻላል። ከተማዎቹ በመኪናዎቹ ከሞሉ በኋላ አስመጪው ሱቁን ዘግቶ ሌላ ንግድ ቢጀምር ማን ይጠየቃል?